«ሁለት ከሆናችሁ ባንኮክ ቀላል ናት» ይላሉ

ትኬት ቢሮ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ድሮ ባንኮክ የሚሄደው ሰው ወይ ለሕክምና ነው፣ ወይ ዕቃ ሊያመጣ። አሁን ደግሞ ትልልቅ ቦርሳ አዝለው፣ ከጓደኛ ጋር ሁለት ሳምንት ሊዞሩ የሚሄዱ ልጆች ይመጡልኛል። ደስ ይላል። የሚያበሽቀኝ ሁሉም ከቲክቶክ የቀዱትን ያንኑ ወሬ ይዘው መምጣታቸው ነው። በየቀኑ ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ታይላንድ ቪዛ አትጠይቅም።» ቪዲዮውን የሠራውን ፈረንጅ አትጠይቅም። እናንተን ትጠይቃለች። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም ትጠይቃለች፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ የሚታየው ሻንጣችሁን ሳትይዙ ነው።

«ቱክቱክ ርካሽ ነው።» የእኛን ባጃጅ ስለሚመስል ነው እንዲህ የምትሉት። ሜትር የለውም፣ ዋጋው የሚወጣው ፊታችሁ ታይቶ ነው። ታክሲው ግን ሜትር አለው፣ ከ35 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ይነሳል፣ ኤሲም አለው። ሹፌሩ ሜትሩን አልከፍትም ካለ ውረዱና ሌላ ያዙ። ለፎቶ ብላችሁ አንድ ቀን ቱክቱክ ብትሳፈሩ አልቆጣም።

«ታላቁ ቤተ መንግሥት ዛሬ ዝግ ነው።» ይህን የሚነግራችሁ በሩ አካባቢ የቆመ፣ እንግሊዝኛው ቀና ያለ፣ በጣም ትሁት ሰውዬ ነው። ከዚያ በሳንቲም ከተማ የሚያዞር ቱክቱክ ይጠራላችኋል። ጉዞው የሚያልቀው ጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ ይከፈታል። ዝግ ነው ብላችሁ የምታምኑት ትኬት የሚቆርጠው ሰው ራሱ ሲነግራችሁ ብቻ ነው። በቁምጣ ግን አያስገቡም፣ እሱ እውነት ነው።

«የመንገድ ላይ ምግብ ያሳምማል።» ሰልፍ ያለበት ጋ ብሉ፣ አበቃ።

«በጾም እዚያ ይራባል።» የሚራበው ቬጀቴሪያን ብሎ የሚያዝ ሰው ነው። እንቁላል ይመጣለታል፣ ካልሆነም የዓሣ መረቅ ጠብ ይደረግበታል፤ እነሱ ዘንድ የዓሣ መረቅ እንደ ጨው ነው። «ጄ» በሉ። ጄ ማለት ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክቱን ያየ ጾመኛ አይቸገርም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ ለአበሻ አፍ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ቻሉት።

አሁን ወደ ዋናው በሽታዬ ልምጣ። «ሁለት ነን እኮ! ወጪው ግማሽ፣ ሐሳቡም ግማሽ።»

ወጪው ግማሽ አይሆንም። ሆስቴል የሚያስከፍለው በአልጋ ነው። ከአየር ማረፊያው ከተማ ውስጥ ወዳለው ፓያ ታይ ጣቢያ የሚወስደው ባቡር በነፍስ ወከፍ ነው፣ የወንዙ ጀልባም እንደዚያው፣ የቤተ መቅደሱ መግቢያም እንደዚያው። የምትካፈሉት ታክሲና የግል ክፍል ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው እርስ በርስ ይተያዩና «እኛ ግን እንተዛዘናለን» ይሉኛል። ተዛዘኑ፤ የባቡሩን ዋጋ ግን አይቀንስም።

ሐሳቡም ግማሽ አይሆንም። ይህን የማውቀው ራሴ ቀምሼው ነው። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ስንሄድ በጣም ብልጥ ነን ብለን ሁሉን ነገር አንድ አደረግነው። አንድ ሲም ካርድ፣ እሷ ስልክ ላይ። አንድ የገንዘብ ቦርሳ፣ እሷ ወገብ ላይ። የክፍሉ ቁልፍም እሷ ጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ቻቱቻክ ገበያ ሄድን። ቅዳሜና እሁድ የሚቆም፣ ከ15 ሺህ በላይ ሱቅ ያለው ገበያ ነው፤ መርካቶን ጣሪያ አልብሳችሁ መተላለፊያውን በግማሽ አጥብቡት። እሷ ጫማ፣ እኔ የሸክላ ዕቃ። መሀል ላይ የሰዓት ማማ አለ። «5 ሰዓት ላይ እዚህ» ተባብለን ተለያየን።

እኔ በሰዓቱ ማማው ሥር ነበርኩ። 5:30 ሆነ። 6 ሰዓት ሆነ። ኪሴ ውስጥ 40 ባት ነበረኝ፤ ውሃ ገዛሁበት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጥላው በዞረ ቁጥር አብሬው እዞራለሁ። ፖሊስ ጋ ልሂድ ብዬ አስብና ድንገት ብትመጣስ ብዬ እመለሳለሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ከጠበቅኳት በኋላ ሁለት እጇን በፌስታል ሞልታ፣ እየሳቀች መጣች። «ምን ሆነሽ ነው የተኮሳተርሽው?»

ለካ እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስልኳን እያየች በፈረንጅ ሰዓት መኖር ጀምራለች። የእሷ 5 ሰዓት የእኔ 11 ሰዓት ነው። ማታ ለሆስቴሏ እንግዳ ተቀባይ ስንነግራት ሳቀችና ታዮችም የማታውን ሰዓት እንደኛ ከምሽቱ እንደሚቆጥሩ ነገረችን፤ ማታ 3 ሰዓትን «ሳም ቱም» ይሉታል፣ ሳም ሦስት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ትኬት ስቆርጥላችሁ ባትጠይቁኝም የምነግራችሁ ይኸው ነው። ሲም ለየራስ። ገንዘብ ለሁለት ተከፍሎ፣ የጋራ ወጪው በየማታው ይታሰብ። የሆስቴሉ አድራሻ በታይ ፊደል በወረቀት ተጽፎ በየኪሳችሁ ይሁን፣ ለታክሲ ሹፌር ታሳዩታላችሁ። በቀን ስንት እንደምታወጡ እዚሁ አዲስ አበባ ተነጋገሩ፤ አንዱ ጣሪያ ላይ ያለ ባር፣ አንዱ 50 ባት ኑድል ከፈለገ ጠቡ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ደግሞ መለያየትን እንደ ጠብ አትዩት። አንዷ ዋት ፖ ቤተ መቅደስ የተኛውን ቡድሃ ስታይ ሌላዋ የገበያ ማዕከል ብትውል ማታ የምታወሩት ይኖራችኋል። የመመለሻ ቀን ቀይሪልኝ ብለው ከባንኮክ የሚደውሉልኝ ከጠዋት እስከ ማታ ተጣብቀው የዋሉት ናቸው። አብረው ሄደው ለየብቻ የተመለሱ ስንቶችን ሸኝቻለሁ።

እኛ አልተለያየንም። በመጪው ዓመት ቺያንግ ማይ ለመሄድ እያሰብን ነው። ቻቱቻክ ላይ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ ግን ትለኛለች፣ እስከ ዛሬ።