የበጎ ፈቃድ ስፌት ሰዓት አመዘጋገብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሚቆጠረው የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጡበት ሰዓት ብቻ ነው»
አይደለም። አቡጀዲ ሳይታጠብ ከተቆረጠ ብርድ ልብሱ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ስለዚህ ማጠቡ፣ መተኮሱ፣ መቁረጡ፣ ጥጡን በሁለቱ ጨርቆች መሀል አንጥፎ በእጅ ስፌት መያዙ ሁሉ ሥራ ነው። ጨርቁ ገመድ ላይ የሚደርቅበት ግን አይመዘገብም። ጨርቅ ለመግዛት ከፒያሳ መርካቶ ደርሶ መልስ ይያዛል፤ ከቤት እስከ ስፌቱ ቦታ ያለው የታክሲ ወረፋ፣ ቢያናድድም፣ አይያዝም።

«ስንት እንደተሰፋ ካወቅን ሰዓቱ ይታወቃል»
የአራስ መጠቅለያ ዙሪያውን ከመቀምቀም ያለፈ ብዙ ሥራ የለውም፤ ከቁርጥራጭ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ ቀናት ይፈጃል። ብዛት ለብቻው ዓምድ ይኑረው።

«ሰዓቱን እንደየልማዳችን ብንጽፍ ችግር የለውም»
መዝገብ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰዓት 3:00 ብላ የጀመረች ሰፊ፣ ስትጨርስ ስልኳን አይታ 13:30 ብትጽፍ 10 ሰዓት ተኩል የሠራች ትመስላለች። የሠራችው 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከቅጹ አናት ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

ድምሩም ያሳስታል። አንድ ቀን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ በማግስቱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሠራ ሰው በካልኩሌተር 1.45 እና 2.40 ብሎ ሲደምር 3.85 ያገኛል። ትክክለኛው 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። በነጥብ መጻፍ ካስፈለገ ደቂቃውን ለ60 ማካፈል ነው፤ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ 2.67 ይሆናል።

«ስድስት ሆነን ሦስት ሰዓት ሠራን፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ነው»
18 ነው። ሁሉም ለቡና ግማሽ ሰዓት ካረፉ 15 ይሆናል። ቡናቸውን እየጠጡ ቁልፍ የሚተክሉም አሉ፤ ከእነሱ ላይ አይቀነስም።

«ትንሽ የተከፈለው ልብስ ሰፊም በጎ ፈቃደኛ ነው»
የተከፈለበት ሰዓት በጎ ፈቃድ አይባልም። ከዚያ በላይ በነጻ ከሠራ ትርፉ ብቻ ይመዝገብ።

«አሥራ ሁለት ዓምድ ለዓመቱ ይበቃል»
የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን የት ይግባ? ለአዲስ ዓመት የሚታደል ልብስ የሚጣደፈው ደግሞ ያኔ ነው። አሥራ ሦስተኛ ዓምድ ይጨመር። ሪፖርቱ በበጀት ዓመት ከሆነ መዝገቡ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የውጭ ለጋሽ ካለ ሐምሌ 1 በእነሱ ጁላይ 8 ስለሆነ፣ ከጁላይ 1 የሚጀምር ቅጽ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት ከሰኔ መዝገብ ማምጣት ያስፈልጋል።