«ሕጉ አለፈ!» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አሜሪካ ኮንግረስ የተለመዱ ስህተቶች

ዋሽንግተን ላይ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ረቂቅ በተነሳ ቁጥር ፌስቡክ ይጋጋላል። ደጋፊው «አለፈ!» ብሎ ይጨፍራል፣ ተቃዋሚው «አለቀልን» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይቸኩላሉ። ኮንግረስ ሁለት ቤት ነው፤ 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት እና 100 አባላት ያሉት ሴኔት። (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«የተወካዮች ምክር ቤት ካጸደቀው በቃ፣ ሕግ ሆኗል»

ኤችአር 2003ን እናስታውስ። ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ሰብዓዊ መብት የመጣ ረቂቅ ነው። የኒው ጀርሲው የምክር ቤት አባል ዶናልድ ፔይን አቀረቡት፣ ምክር ቤቱም ኦክቶበር 2 ቀን 2007 አጸደቀው። ከዚያ ሴኔት ገባና ቀረ። ሴኔቱ ድምፅ ሳይሰጥበት የኮንግረሱ የሁለት ዓመት ዘመን በ2009 መጀመሪያ አበቃ፤ ረቂቁም አብሮ ሞተ። አዲስ ኮንግረስ ያለፈውን ረቂቅ አይወርስም፣ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። «ፓርቲዎቹ ስላልተስማሙ ነው» እንዳይባል፣ ያኔ ሁለቱንም ቤት የሚመሩት ዴሞክራቶች ነበሩ።

በ2018 የጸደቀው፣ ብዙዎቻችን «ኤችአር 128» የምንለው ስለ ኢትዮጵያ የወጣ ውሳኔ (ትክክለኛ ስሙ ኤች.ሬስ. 128) ደግሞ ጭራሽ ረቂቅ ሕግ አልነበረም። የአንዱ ቤት የአቋም መግለጫ ነው፤ ወደ ሴኔትም ወደ ፕሬዚዳንቱም አይሄድም። ፖለቲካዊ ጫና ያሳድራል፣ ይህ አይናቅም። ሕጋዊ ግዴታ ግን አይጥልም።

«አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ የፈለገውን ያሳልፋል»

ሴኔት ውስጥ 51 ወንበር ይዞም እጅ ማጠር አለ። ለአብዛኛው ረቂቅ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ሴናተር ያስፈልጋል። በጀት ነክ ለሆኑ ጉዳዮች ልዩ መንገድ አለ፤ እዚያ ተራ አብላጫ ይበቃል። እሱም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ጁላይ 28 ቀን 2017 ሌሊት ሪፐብሊካኖች 52 ወንበር ይዘው የኦባማን የጤና መድን ሕግ ሊሽሩ ተሰበሰቡ። የሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን ወደ መሃል ወጥተው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ቀሰሩ። ከእሳቸው ሌላ ሁለት የራሳቸው ፓርቲ ሴናተሮችም ተቃወሙ። 49 ለ51፤ ወደቀ። እንደ እኔ፣ የአሜሪካን ፓርቲ ከእኛ ሀገር ፓርቲ ጋር የምናመሳስለው ሰዎች ያቺን ሌሊት ብናስብ ጥሩ ነው። እዚያ መሪው አባሉን ይለማመጣል እንጂ አያዘውም።

«ረቂቅ የሚወድቀው በድምፅ ተሸንፎ ነው»

አብዛኛው ድምፅ እንኳ አያገኝም። ከሁሉም የሚገርመኝ እኛን በቀጥታ የሚነካው ነው። ጁን 27 ቀን 2013 ሴኔት ትልቁን የኢሚግሬሽን ረቂቅ 68 ለ32 አጸደቀ። ወረቀት ለሌላቸው ሚሊዮኖች ወደ ዜግነት የሚወስድ መንገድ ይከፍት ነበር። በዚያው ረቂቅ ውስጥ ግን ዲቪ ሎተሪን የሚያስቀር አንቀጽም ተካቶ ነበር! የተወካዮች ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጆን ቤነር አብዛኛው የራሳቸው ፓርቲ አባል ያልደገፈውን አላቀርብም አሉ። ረቂቁ አጀንዳ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፎ ዲቪ የሞላ ሰው ዕድሉ የቀጠለው በአንድ አፈ ጉባኤ ዝምታ ነው። ወረቀት አጥቶ አሜሪካ የሚኖረው ዘመዱ ደግሞ በዚያው ዝምታ ተጎዳ።

አፈ ጉባኤውን ማለፍ አይቻልም ማለት አይደለም። 218 አባላት ከፈረሙ ረቂቁን በግድ ማስወጣት ይችላሉ። ችግሩ፣ የራስን መሪ የሚቃወም ወረቀት ላይ ለመፈረም የሚደፍር ጥቂት ነው።

«የእኛም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያው ሴኔት ነው»

በስም ሁለተኛ ቤት ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል። የእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ተራ አዋጅ የእሱን ይሁንታ አይጠብቅም። አዋጅ የሚያጸድቅ ሁለተኛ ቤት ለማግኘት ወደ ጃንሆይ ዘመን መመለስ ግድ ነው። የዚያን ሁለተኛ ቤት፣ ማለትም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን፣ አባላት ግን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ፓርቲ የሚባል ነገርም አልነበረም።