«በማቀዝቀዣ ይቀመጥ» ማለት ምን ማለት ነው?

በፋሲካ ማግስት እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ውሃ ልቀዳ ፍሪጁን ከፈትሁ። ያልተከፈቱ ስድስት የካርቶን ወተቶች መደርደሪያውን ሞልተውታል። የላስቲክ ወተቱና የገበታ ቅቤው ቦታ አጥተው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ እየመታቸው ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ ይኼ እኮ ተገለባብጧል» አልኋት። «ውዱ የካርቶኑ ነው ልጄ፣ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለችኝ።

ስህተቱ የእሷ ብቻ አይደለም። እሽግ ምግብ ላይ ያለችው ያች ትንሽ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋ ናት፤ በአማርኛ ስትጻፍም ሰው አልፏት ዋጋውንና ቀኑን ያያል።

«ኪፕ ሪፍሪጅሬትድ» ወይም «በማቀዝቀዣ ይቀመጥ» የሚል ካለ፣ ምግቡ ከፋብሪካ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እስኪበላ ድረስ ከቅዝቃዜ አይለይ ማለት ነው። ቅዝቃዜው በተለምዶ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እሽጉ ሌላ ቁጥር ከጻፈ ግን የእሱን መከተል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባት በበረዶ ሳጥን ተሸክመው ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ አይታችኋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ከመጋዘን እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ ቅዝቃዜው አይቋረጥም። የላስቲክ ወተትም እንዲሁ ነው። መኪናው ላይ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ዘንቢላችሁ ውስጥ፣ ቤታችሁ ውስጥ፤ አንዱ ጋ ከተበጠሰ ሰንሰለቱ ተበጥሷል።

ሰው ልብ የማይለው ትልቁ ነገር ይኼ ይመስለኛል፦ እሽጉ ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ቀን ከዚያች ጽሑፍ ጋር የታሰረ ነው። ፋብሪካው «እስከዚህ ቀን ይቆያል» ሲል «እንዳልሁህ ካስቀመጥኸው» ማለቱ ነው። ውጭ የዋለ የላስቲክ ወተት ቀኑ ገና አምስት ቀን ቢቀረውም፣ ያ ቀን ከእንግዲህ አይመለከተውም።

ሁለተኛው ጽሑፍ «ሪፍሪጅሬት አፍተር ኦፕኒንግ» ነው፤ «ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ»። አክስቴ ፍሪጅ ያስገባችው የካርቶን ወተት ከዚህ ወገን ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከሙቀቱ ነው። የላስቲክ ወተት ብዙ ጊዜ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ይሞቃል። ይህ በሽታ አምጪዎቹን ይገድላል፤ ሙቀት የሚችሉ አንዳንድ ተሕዋስያን ግን ይተርፋሉ። የካርቶኑ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ሞቆ፣ ከተሕዋስያን በጸዳ ካርቶን ውስጥ አየር ሳይነካው ይታሸጋል። ስለዚህ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ ወራት ይቆያል። በመቀስ የተቆረጠ ዕለት ግን እንደማንኛውም ወተት ይሆናል፤ ፍሪጅ ይገባል፣ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ጥቂት ቀን ውስጥም ያልቃል። ማዮኔዝም የቆርቆሮ ቱናም እንዲሁ ናቸው። የቲማቲም ድልህ ሲተርፍ ቆርቆሮው ውስጥ ከመተው ክዳን ወዳለው ዕቃ ገልብጦ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

«ወተት አይደል እንዴ፣ ቢቆይ እርጎ ይሆናል» የሚል አለ። በወይራ በታጠነ ቅል የሚረጋው የቤት ወተት ውስጥ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች በሕይወት አሉ። እነሱ ቀድመው ይበዙና ወተቱን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣው ደግሞ ሌሎቹን ይገታል። የላስቲክ ወተት ውስጥ ግን አብዛኞቹ በሙቀቱ ሞተዋል። ሜዳው ሙቀቱን ለቻሉት ወይም በኋላ ለገቡት ይቀራል፤ ወተቱም ብዙ ጊዜ በወጉ ሳይረጋ ይመርራል፣ ይገማል። (ጥሬ ወተት ሳያፈሉ መጠጣት የራሱ በሽታዎች አሉት፤ ያንን እያበረታታሁ አይደለም።)

አፍንጫም ሁልጊዜ አያድንም። ምግብን የሚያገሙት ተሕዋስያንና ሰውን የሚያሳምሙት አንድ አይደሉም። ሳልሞኔላ ሽታም ጣዕምም ሳይለውጥ ሊኖር ይችላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥም ቀስ እያለ ይራባል፤ ነፍሰ ጡርን ፅንስ እስከማስወረድ ያደርሳል። ቅዝቃዜ ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ፣ እባካችሁ በዚህ ነገር አትቀልዱ።

«ጎንደር ወይና ደጋ ናት፣ ፍሪጅ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ነገር ግን ለእኛ የሚበርደው ክፍል 18 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ከ4 ዲግሪ በጣም ሩቅ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ደግሞ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ባክቴሪያ ይራባል፤ ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ የሚሆንም አለ። ስለዚህ የሚበላሽ ምግብ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ በድምሩ ከ2 ሰዓት አይብለጥ ይባላል። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ፣ እንደ መተማ ባለ ቆላ፣ 1 ሰዓት ብቻ ነው። የጎንደር አየር የሚበቃው «ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ለሚለው ሦስተኛው ጽሑፍ ነው፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የዱቄት ወተት፣ ብስኩት። እነዚህን ፍሪጅ ውስጥ ማጨናነቅ ቦታ ማባከን ነው።

መብራት ሲጠፋስ? በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ብሎ የተሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ይቆያል። «ምን ያህል ቀዘቀዘ» እያሉ መክፈት ነው የሚጎዳው። እኔ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አኖራለሁ፤ መብራት ሲሄድ በረዶው ወደ ታች ወርዶ ከወተቱ አጠገብ ይቀመጣል። ወተት ደግሞ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጥ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚሞቀው በሩ ላይ ያለው ነው።

ፒያሳም ሆነ አራዳ ስትገዙ ቀዝቃዛውን ዕቃ መጨረሻ ላይ አንሱ። ላስቲኩን ዳስሱት፤ ለብ ያለ ወይም የተነፋ ከሆነ ተዉት። ባለሱቁንም ማታ ፍሪጁን ይነቅል እንደሆነ ጠይቁት፤ ነውር የለውም።

አክስቴና እኔ የዚያን ዕለት አምስቱን ካርቶን ወደ ቁም ሳጥን መለስናቸው፤ አንዱን ለቡና ከፈትነው። ቅቤው ወደ ፍሪጅ ገባ። የላስቲክ ወተቱን ግን መቼ እንዳወጣችው ጠየቅኋት። «ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ» አለች። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። መልሶ ማቀዝቀዝ የበዛውን ባክቴሪያ ስለማያጠፋ፣ እያዘንን ደፋነው።