ለእንጨት የዓሣ ማባበያ የሚሆን ሚኒ ድሪል አመራረጥ በጅማ

የዓሣ ማባበያ ከእንጨት ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከሆዱና ከጭራው መንጠቆ የሚንጠለጠልበት የውሸት ዓሣ ነው። በናይለን ክር ሲጎተት እየተወዛወዘ ይዋኛል፤ ዓሣ የሚበላ ዓሣም ቀለብ መስሎት ይነክሰዋል። ፊንላንዳዊው አጥማጅ ላውሪ ራፓላ በ1936 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሲሠራ የነበረው ቡሽ፣ ቢላና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነበር። የቸኮሌት መጠቅለያ ለብጦበት በቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልም ቀባው። ማሽን ለመግዛት የተነሣ ሰው ይህን ቢያስታውስ ገንዘቡን ይቆጥባል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ጠራቢ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስሟን ይዞ አገር ዞሯል። ውሃውም ሩቅ አይደለም፦ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ይገኛል። በሐይቁ ከሚኖሩት ዓሦች ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ስለሚመገብ ለእንጨት ዓሣ ደንታ የለውም። ተስፋ የሚጣለው ትንንሽ ዓሣም በሚቀምሰው በቢልጫ ላይ ነው።

ሚኒ ድሪል የሚባለው በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ትንንሽ ጥርሶችን (መብሻና መፋቂያ ጫፎችን) በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ ነው። ስሙን ያስፋፋው በ1932 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የተመሠረተው የድሬመል ኩባንያ ነው፤ ዛሬ ግን በየገበያው የሚገኘው አብዛኛው የሌሎች አምራቾች ምርት ነው። በደቂቃ ከ5,000 እስከ 35,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ሻጭ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ትልቁ ቁጥር ነው። ማባበያ ለሚሠራ ሰው ግን የሚጠቅመው ትንሹ ነው፤ ለስላሳ እንጨት በከፍተኛ ፍጥነት ሲነካ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ፀጉር ያወጣል። ስለዚህ ፍጥነቱ ደረጃ በደረጃ የሚቀነስ፣ ቀንሶም ሲጫኑት ቀጥ የማይል ማሽን ይመረጣል። አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው በርካሽ ቢገኝም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እንጨቱም የመሣሪያውን ምርጫ ይወስናል። ዋንዛ በቀላሉ ይቀረጻል፣ ጠርዙንም ይይዛል፤ ኮርች እጅግ ቀላል ስለሆነ ጥሩ ይንሳፈፋል፣ ነገር ግን ሹል ጥርስ በአንድ ትንፋሽ ይጎደጉደዋል። ባህር ዛፍ ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይጠመዘዛል። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት በመሆኗ በደንብ ያልደረቀ እንጨት ቀለም ከተቀባ በኋላ ይሰነጠቃል።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ ማሽኑ ዘግይቶ የሚገባ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ስምንት ሳንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ ላይ በእርሳስ መካከለኛ መስመር ይሰመራል፤ ያ መስመር እስከ መጨረሻው መጥፋት የለበትም፣ ግራና ቀኙን የሚያመዛዝነው እሱ ነውና። ትርፉ እንጨት በቢላ ይወርዳል። ሚኒ ድሪሉ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ብርጭቆ ወረቀት በተጠቀለለበት ጥርስ ትከሻውን ለማክበብ፣ የስንጥቡን መስመር ለመጫር፣ የዓይኑን ጉድጓድ ለመክፈት፣ ሆዱ ላይ ለክብደት የሚሆን እርሳስ (ከባዱ ብረት) የሚቀበርበትን ቀዳዳ ለመብሳት። ከአፉ ሥር የሚሰካው ምላስ (ሲጎተት ውሃውን የሚገፋው ስስ ሳህን) ማስገቢያ ግን በቀጭን መጋዝ ቢሰነጠቅ ይሻላል። ምላሱ ወደ ፊት በተዘረጋ መጠን ማባበያው ጠልቆ ይዋኛል፣ ቁልቁል ከቆመ ከላይ ከላይ ይሄዳል፤ በእጅ የተንቀጠቀጠ ስንጥቅ ዓሣውን በጎኑ ያስተኛዋል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው፤ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ማሽን ግን ብዙውን ጊዜ 120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ጭስ አውጥቶ ያበቃል። (የእኔ የመጀመሪያው ማሽን ዕድሜ ሦስት ሰከንድ ነበር።) መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራው ይመቻል፤ ጉልበቱ ያነሰ ቢሆንም ለማባበያ ይበቃል። ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሎ በተጣጣፊ ዘንግ እንደ እስክሪብቶ የሚያዘው ዓይነት ለእጅ ቀላል ነው፤ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከሁሉም እሱን እመርጥለታለሁ።

የእንጨት ብናኝ በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል፤ ማስክና መነጽር ከማሽኑ ጋር አብረው ይገዛሉ።

ሱቅ ውስጥ ለመፈተን ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ቀጥ ያለ ቀጭን ፑንታ ይታሰርና በዝግታ እንዲዞር ይደረጋል። ጫፉ እንደ መርፌ ነጥብ ሆኖ ከቆመ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ክብ ከሣለ ፑንታውን የሚይዘው መንከሻ ወይም ኩሽኔታው ልክ አይደለም፣ የዓሣው ዓይንም እንቁላል ይመስላል። ፑንታ የሚያዝበት ቀዳዳ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ መለዋወጫ ጥርስ በቀላሉ ይገኝለታል። ከዚያ ማሽኑን ሳያጠፉ ወደ ጆሮ ማስጠጋት ነው፦ ወጥ የሆነ የንብ ድምፅ ካለ ይገዛል፣ የሚያንኳኳ ከሆነ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።