4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው? ብዙዎች የሚሳሳቱበት

2ን 32 ጊዜ ጻፉና እርስ በርስ አባዙ። መጨረሻ ላይ 1 ጨምሩ። 4,294,967,297 ይመጣል።

«በ2፣ በ3፣ በ5 አይካፈልም፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው»

ብቸኛ ቁጥር ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ይሄኛው በ7 ስለሚያልቅ 2 እና 5 አይነኩትም። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ናቸው፤ 59 ለ3 ስለማይካፈል 3ም አይሆንም። በ7፣ በ11፣ በ13 ብትሞክሩትም ቀሪ ይተርፋል። ይሄ ግን ትንንሾቹ እንደማያካፍሉት ብቻ ነው የሚነግረን። ቁጥሩ 641 ሲባዛ በ6,700,417 ነው።

«ትልቅ ሊቅ ብቸኛ ነው ካለ አለቀ»

ያለው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው፣ በ1640 እ.ኤ.አ.። ከ2 ተነስታችሁ ቁጥሩን በራሱ እያባዛችሁ ሂዱ፤ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536። በእያንዳንዱ ላይ 1 ስትጨምሩ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ይሆናሉ። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማም ሁሌም እንዲህ ይቀጥላል ብሎ ገመተ። ስድስተኛው ግን የኛው ቁጥር ነው፣ ጉድ ሠራው። አይፈረድበትም፤ ማረጋገጫ በእጄ የለም ብሎ ነበር። ደግሞ አምስት ጊዜ የሠራን ነገር ማን ይጠረጥራል? እስከ ዛሬ ከአምስቱ ሌላ ብቸኛ የሆነ አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።

«እስከ 4 ቢሊዮን ድረስ እያካፈሉ መሞከር ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ ከ65,536 አይበልጥም፤ ሁለቱም ቢበልጡ ብዜታቸው ከኛ ቁጥር ያልፋል።

«ያለ ኮምፒውተር አይቻልም»

የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. በእጁ ሠርቶታል። ዕድሜው ገና 25 ነበር። ዘዴው ደስ ይላል፦ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። አምስተኛው ላይ ተያዘ ማለት ነው።

እናንተም እስክሪብቶ አንሱ። 65,536ን ለ641 ስታካፍሉ 102 ደርሶ 154 ይተርፋል። ቀሪውን በራሱ አባዙት፣ 23,716። ይሄንንም ለ641 አካፍሉ፤ 36 ደርሶ 640 ይተርፋል። 65,536 በራሱ ሲባዛ ከኛ ቁጥር በ1 ብቻ ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ያቺን 1 በ640 ላይ ጨምሩ። 641 ሞላ፣ ቀሪ የለም።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም»

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ነው፤ የአንዱ ቦታ ቢት ይባላል። በ32 ቢት ቦታ የሚሰፍረው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። የኛው በ2 ይበልጣል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ ከዜሮ እንደጀመረ አሮጌ መኪና፣ ቆጠራው ዞሮ 1 ላይ ይቆማል። ፕሮግራሙን «ብቸኛ ነው?» ብትሉት «አይደለም» ይላችኋል። ልክ ነው፣ ግን ስለ 1 ነው የሚያወራው።