የፍጻሜ ድል ምጣኔ ምንድን ነው? ናዳል 73፣ ጆኮቪች 65፣ ታዲያ ማን ይበልጣል?

ወሎ ውስጥ ራኬት ጨብጦ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ስለ ቴኒስ የሚከራከር ግን ሞልቷል። ለዚህ የውርርድ ቤቶችን ማመስገንም መውቀስም ይቻላል፤ ኳስ በሌለበት ቀን ትኬቱ ላይ የሚቀረው ቴኒስ ነውና። የአውስትራሊያ ኦፕን የወንዶች ፍጻሜ ደግሞ በእኛ ሰዓት እሁድ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚጀምር፣ የእንግሊዝ ኳስ ከመግባቱ በፊት ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ ለማየት ይመቻል። ክርክሩ ሲጦፍ ታዲያ አንድ ቁጥር መመዘዙ አይቀርም። «ናዳል ፍጻሜ ሲደርስ 73 በመቶ ያሸንፋል፣ ጆኮቪች 65 ብቻ ነው። ኧረ ወንድሜ፣ ምኑን ታከራክረኛለህ?»

ይህ ቁጥር የፍጻሜ ድል ምጣኔ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ተጫዋቹ ያነሳቸውን የግራንድ ስላም ዋንጫዎች ፍጻሜ ለደረሰበት ጊዜ ሁሉ ማካፈል። ግራንድ ስላም የሚባሉት አራቱ ውድድሮች የአውስትራሊያ ኦፕን (ሜልቦርን)፣ የፈረንሳይ ኦፕን (ሮላን ጋሮስ)፣ ዊምብልደንና የአሜሪካ ኦፕን (ኒው ዮርክ) ናቸው። ራፋኤል ናዳል 30 ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ 22 ዋንጫ ወስዷል። ሮጀር ፌደረር ከ31 ፍጻሜ 20፣ ኖቫክ ጆኮቪች እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ37 ፍጻሜ 24 አሸንፈዋል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፔት ሳምፕራስ ደግሞ ከ18ቱ 14፣ ማለትም 78 በመቶ። በዚህ ሚዛን ብቻ ከተሄደ ከአራቱ አንደኛ ሳምፕራስ ነው ማለት ነው፤ ናዳልን በዚህ ቁጥር የሚያነግሠው ተከራካሪ ግን ይህን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የቁጥሩ ትልቁ ችግር ቅጣቱን ማን ላይ እንደሚያሳርፍ ነው። በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፈ ተጫዋች በምጣኔው ምንም አይነካም። በመጀመሪያው ዙር ሻንጣውን ሸክፎ የሄደም እንዲሁ። የሚቀነስበት ስድስት ግጥሚያ አሸንፎ ሰባተኛው ላይ የወደቀው ብቻ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ያልወጣ ሰው ከጦሳ አይወድቅም፤ ይህ ግን ተራራ ወጪ አያሰኘውም።

የሴሬና ዊሊያምስን ነገር እንይ። በጥር 2017 ሜልቦርን ላይ 23ኛ ዋንጫዋን ስታነሳ ከ29 ፍጻሜ 23 አሸንፋ ነበር፤ 79 በመቶ። በዚያው ዓመት ልጅ ወለደች። ተመልሳም በ2018 እና በ2019 ዊምብልደንና የአሜሪካ ኦፕን ላይ አራት ጊዜ ፍጻሜ ደረሰች፣ አራቱንም ተሸነፈች። ምጣኔዋ ወደ 70 ወረደ። ወልዳ ቤቷ ብትቀመጥ ኖሮ 79ኙ አይነካም ነበር። ከ36 ዓመቷ በኋላ አራት ፍጻሜ መድረሷን እንደ ጉድለት የሚመዘግብ ሚዛን፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ የተቀመጠለትን ዕቃ አይመዝንም።

ሁለተኛው ነገር ሜዳው ነው። የናዳል 73 በመቶ ለሁለት ሲከፈል መልኩ ይለወጣል። በሮላን ጋሮስ የሸክላ ሜዳ 14 ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ 14ቱንም አሸንፏል፤ ለዚህ አቻ አይገኝለትም። በቀሩት ሦስት ውድድሮች ግን 16 ፍጻሜ፣ 8 ድል፣ 8 ሽንፈት። ልክ ግማሽ። ጆኮቪችም እንዲሁ ነው፦ ከ2008 እስከ 2023 ሜልቦርን ላይ የተጫወታቸውን 10 ፍጻሜዎች በሙሉ ሲያሸንፍ፣ ኒው ዮርክ ላይ ከ10 ፍጻሜ ያሸነፈው 4ቱን ብቻ ነው። «ፍጻሜ ላይ ይፈራል» የሚባለው ሰው ሜልቦርን ላይ የማይፈራው ለምንድን ነው? ፍርሃት አገር አይመርጥም። የሚለየው ሜዳው፣ የኳሱ አነሳስ፣ የዓመቱ ድካምና ከመረቡ ወዲያ ያለው ሰው ነው።

ክርክሩ መጀመር የነበረበት ከዚህ፣ ከወዲያ ካለው ሰው ነበር። አንዲ መሪ ከ11 ፍጻሜ 3 ብቻ አሸንፏል፤ 27 በመቶ። ስታን ቫቭሪንካ ከ4 ፍጻሜ 3፤ 75 በመቶ። ዋንጫቸው እኩል ነው። መሪን ስምንት ጊዜ ያሸነፉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ፌደረር ሦስቴ፣ ጆኮቪች አምስቴ። አንዲ ሮዲክም አራት ፍጻሜ ተሸንፏል፣ አራቱንም በፌደረር። የ2009ኙ የዊምብልደን ፍጻሜ የመጨረሻው ሴት (የግጥሚያው ክፍል) ያለቀው 16 ለ14 ነበር። (ለቫቭሪንካም ፍርድ አይጓደል፤ ሦስቱንም ዋንጫ ያነሳው በጊዜው የዓለም ቁጥር አንድ የነበረውን ተጫዋች አሸንፎ ነው። ትንሽ ምጣኔ ሊዋሽ ይችላል ማለት ትልቁ ሁልጊዜ ይዋሻል ማለት አይደለም።)

«ጭንቀት የሚባል ነገር የለም ወይ?» ለሚል፣ አለ። ኢቫን ሌንድል የመጀመሪያዎቹን አራት ፍጻሜዎቹን ተሸነፈ፤ የዘመኑ ወሬ ሁሉ ልብ የለውም የሚል ነበር። በ1984 ሮላን ጋሮስ ላይ በጆን ማኬንሮ ሁለት ሴት ለዜሮ ከተመራ በኋላ ተነስቶ አሸነፈ፣ ከዚያም ሰባት ዋንጫ ጨመረ። ሲደመር ከ19 ፍጻሜ 8፣ 42 በመቶ ነው። ከ1982 እስከ 1989 በተከታታይ ስምንት ዓመት የአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ የደረሰ ሰው ግን ልብ የለውም ለማለት ይከብዳል። መሪም የመጀመሪያዎቹን አራት ተሸንፎ አምስተኛውን በ2012 ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ማን ነበር? ይኸው ሌንድል።

አንዳንዴ ደግሞ ልዩነቱ ከጸጉር ይቀጥናል። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ፌደረር 218 ነጥብ፣ ጆኮቪች 204 ነጥብ ሠሩ፤ ፌደረር ዋንጫውን ለማንሳት ሁለት ጊዜ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር። ዋንጫውን የወሰደው ጆኮቪች ነው። ከሁለቱ አንዷ ኳስ ብትገባ ኖሮ ፌደረር 21 ከ31፣ ጆኮቪች 23 ከ37 ሆነው፣ ፌደረር በምጣኔ ከጆኮቪች ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩን የሚያነሳ ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር አብሮ ያንሳ፦ ስንት ጊዜ ፍጻሜ ደረሰ፣ በየትኛው ሜዳ፣ ከማን ጋር። የክሪስ ኤቨርት ምጣኔ ለታላቅ ተጫዋች ዝቅ ያለ ነው ብለው የሚያናንቋት አሉ፦ 34 ፍጻሜ፣ 18 ድል፣ 53 በመቶ። ከ34ቱ ግን 14ቱን የተጫወተችው ከማርቲና ናቭራቲሎቫ ጋር ነው፤ አራቱን አሸንፋ አሥሩን ተሸነፈች። እነዚያ ተነጥለው ሲቆጠሩ ከሌሎቹ ጋር ያላት 14 ድልና 6 ሽንፈት ነው፤ 70 በመቶ፣ ከነሴሬና እኩል።