የጋዞች ኬሚካዊ ሚዛን ስሌት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጋዝ ሪአክሽኖች የሚዛን ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት በሒሳቡ ሳይሆን ስሌቱን ከመጀመራቸው በፊት በያዙት ግንዛቤ ነው።

«ሚዛን ላይ ሲደረስ ሪአክሽኑ ይቆማል፤ የጋዞቹም መጠን እኩል ይሆናል።»

አይቆምም። እኩል የሚሆነው ሪአክሽኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት ፍጥነት እንጂ የጋዞቹ መጠን አይደለም። 1 ሞል ሃይድሮጅንና 1 ሞል አዮዲን በአንድ ሊትር ዕቃ ውስጥ ገብተው ሃይድሮጅን አዮዳይድ ቢፈጥሩና የሚዛን ቋሚው (በሚዛን ጊዜ የሃይድሮጅን አዮዳይዱ ኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም በሊትር ያለው ሞል፣ ስኩዌር ተደርጎ ለሁለቱ መነሻ ጋዞች ኮንሰንትሬሽን ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) 49 ቢሆን፣ በሚዛን ጊዜ ከሁለቱ መነሻ ጋዞች እያንዳንዳቸው 0.222 ሞል ብቻ ሲቀሩ ሃይድሮጅን አዮዳይዱ 1.556 ሞል ይደርሳል።

«የሁሉም ጋዞች ለውጥ አንድ ኤክስ ነው።»

ኤክስ እስከ ሚዛን ድረስ የሚለወጠውን ያልታወቀ መጠን ይወክላል፤ የእያንዳንዱ ጋዝ ለውጥ ግን የሚወሰነው በተመጣጠነው እኩልታ ላይ ባሉት ቁጥሮች ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 1 ሞል ሃይድሮጅን ሲጠፋ 2 ሞል ሃይድሮጅን አዮዳይድ ስለሚፈጠር፣ ሃይድሮጅኑ 1 − ኤክስ፣ ውጤቱ ደግሞ 2 ኤክስ ይሆናል፤ በሁለቱም ወገን ስኩዌር ሩት ሲወሰድ 2 ኤክስ ለ1 − ኤክስ ተካፍሎ 7 ስለሚሆን ኤክስ 0.778 ነው። 2ቱን የረሳ ሰው 0.875 ያገኛል፤ ቁጥሩን መልሶ በራሱ ቀመር ውስጥ ቢያስገባውም 49 ስለሚወጣለት ስህተቱ አይታየውም። የሚያጋልጠው የአቶም ቆጠራ ነው፦ በመነሻው 2 ሞል የአዮዲን አቶም ነበር፣ በእርሱ መልስ ግን 1.125 ሞል ብቻ ይገኛል። ይህን ማረጋገጫ ብዙዎች ይዘሉታል፤ የሚወስደው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ኤክስ ትንሽ ስለሆነ ከታች ካለው 1 − ኤክስ ውስጥ መተው ይቻላል።»

የሚቻለው ኤክስ ከመነሻው መጠን 5 በመቶ ገደማ ሳይበልጥ ሲቀር ነው። ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ከ1 አትሞስፌር ግፊት ተነሥቶ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሲበተን (1 ሞሉ 2 ሞል ይሰጣል)፣ በከፊል ግፊት፣ ማለትም እያንዳንዱ ጋዝ ለብቻው በሚያሳድረው ግፊት፣ የተሰላው ቋሚ 0.15 ከሆነ፣ ኤክስን መተው 0.194 ይሰጣል፤ ኳድራቲክ እኩልታው ሲፈታ ግን ትክክለኛው መልስ 0.176 ነው። ቋሚው ከ1 ማነሱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

«በከፊል ግፊትና በኮንሰንትሬሽን የሚሰሉት ቋሚዎች አንድ ናቸው።»

አንድ የሚሆኑት እንደ ሃይድሮጅን አዮዳይዱ ምሳሌ የጋዝ ሞሎች ብዛት በሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ነው። በዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ መበተን ግን፣ በ298 ኬልቪን፣ በአትሞስፌር የተሰላው ቋሚ በሞል በሊትር ከተሰላው 24 እጥፍ ያህል ይበልጣል።

«ግፊት ከጨመረ ሚዛኑ የግድ ይዛወራል።»

ግፊቱ እንዴት ጨመረ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዕቃው ቮልዩም ሳይለወጥ፣ በሪአክሽኑ የማይሳተፈው ጋዝ አርጎን ቢጨመር ጠቅላላው ግፊት ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የሪአክሽኑ ጋዞች ከፊል ግፊት ስለማይለወጥ ሚዛኑ ባለበት ይቆያል። አርጎኑ የተጨመረው ጠቅላላው ግፊት ሳይለወጥ፣ ዕቃው እየሰፋ ከሆነ ግን የጋዞቹ ከፊል ግፊት ይወርዳል፤ ሚዛኑም የጋዝ ሞሎች ወደሚበዙበት ወገን ይዛወራል። የሙቀት መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ ቋሚው በሁለቱም ሁኔታ ያው ነው።